የጎረቤት ልጅ፣ የጎረቤት አገር

በአንድ ግቢ ውስጥ አብረን ያደግን ሁለት ሴት ልጆች ነበርን። እሷ ከ24 ዓመት በኋላ ወደ ተወለደችበት ከተማ ስትመለስ የያዘችው የስደተኛ ወረቀት ነው።

ባለፈው ጥቅምት የሰባት ዓመቷ ልጄ ከትምህርት ቤት አንድ ወረቀት ይዛ መጣች። ከላይ «ቤተሰቤ» ይላል። መሐሉ ላይ ለሥዕል የተተወ ባዶ ቦታ አለ። ከሥሩ ሦስት መስመሮች አሉ፤ ስም፣ ቋንቋ፣ አገር።

ዕለቱ ዓርብ ነበር። ዓርብ ዓርብ የልጅነት ጓደኛዬ ከስምንት ዓመት ሴት ልጇ ጋር እኛ ቤት ትመጣለች። ቡና ይፈላል፤ ልጆቹ ሳሎን ምንጣፉ ላይ ተዘርግተው ይጫወታሉ። ያን ዕለት የጓደኛዬ ልጅ «እኔም መሥራት እፈልጋለሁ» ስላለች መስመሮቹን በሌላ ወረቀት ላይ ገልብጬ ሰጠኋት። ስሟን ጻፈች። ቋንቋ በሚለው መስመር ላይ አማርኛ፣ ትግርኛ፣ ዓረብኛ ብላ ሦስቱንም አጠጋግታ አስገባች። ከዚያ እርሳሷን ነክሳ ትንሽ ቆየችና ቀና ብላ አየችኝ።

«አክስቴ፣ አገር የሚለው ላይ ምን ልጻፍ?»

ወተቱ እንዳይገነፍል ልይ ብዬ ወደ ኩሽና ሄድኩ። ምድጃው ላይ የተጣደ ወተት አልነበረም።

የምሠራው በአንድ ድርጅት የማርኬቲንግ ክፍል ውስጥ ነው። ቅጽ ማዘጋጀት አንዱ ሥራዬ ነው። የደንበኞች መመዝገቢያ ስናዘጋጅ «ዜግነት» የሚለውን ሣጥን ስንት ጊዜ በእጄ አስገብቻለሁ፤ ያውም አንድ ቃል ብቻ እንዲይዝ አድርጌ። ለአብዛኞቻችን አንድ ቃል ይበቃናል። ይህ ጽሑፍ አንድ ቃል ስላልበቃው ቤተሰብ ነው። ጓደኛዬ ታሪኳን እንድጽፍ ፈቅዳልኛለች፤ ስሟ እንዳይወጣ ግን አደራ ብላኛለች።

አንድ ግድግዳ የተጋሩ ቤቶች

ያደግነው አዲስ አበባ ውስጥ፣ ስድስት አባወራ በሚኖርበት የቀበሌ ግቢ ነው። የእኛንና የእነሱን ቤት የሚለየው አንድ የጭቃ ግድግዳ ነበር። እማዬ ሽንኩርት ስታቁላላ ሽታው እነሱ ቤት ይገባል፤ እነሱ ሬዲዮ ሲከፍቱ እኛም እናዳምጣለን። እኔና ጓደኛዬ የተወለድነው በ1985 ዓ.ም. በሦስት ወር ልዩነት ነው። እማዬ ሥራ ስትሄድ እኔን የሚጠብቁኝ የእሷ እናት ነበሩ። ማን የማን ልጅ እንደሆነ እንግዳ ካልጠየቀ በስተቀር የሚያነሣው አልነበረም።

አባቷን «ጋሼ» ነው የምላቸው። በንጉሡ ዘመን፣ ገና በወጣትነታቸው ከአስመራ መጥተው መካኒክ ሆኑ። ያኔ ከአስመራ አዲስ አበባ መምጣት ከደሴ እንደ መምጣት ነበር። ኤርትራ ከመስከረም 1945 ዓ.ም. ጀምሮ በፌዴሬሽን፣ ፌዴሬሽኑ በኅዳር 1955 ዓ.ም. ከፈረሰ በኋላ ደግሞ እንደ አንድ ጠቅላይ ግዛት ከኢትዮጵያ ጋር ነበረች። ሚስታቸው እትዬ የወሎ ልጅ ናቸው። ቤት ውስጥ የሚነገረው አማርኛ ነው፤ ጋሼ ትግርኛ የሚናገሩት ሲናደዱና ከወንድማቸው ጋር ሲገናኙ ብቻ ነበር።

እኛ በተወለድንበት ዓመት፣ በሚያዝያ 1985፣ ኤርትራውያን ስለ ነፃነት ድምፅ ሰጡ። ድምፅ የሚሰጠው ኤርትራ ውስጥ ብቻ አልነበረም፤ አዲስ አበባም ጣቢያዎች ተከፍተው ነበር። ከ99 በመቶ በላይ የሚሆነው ድምፅ ነፃነትን ደገፈ፤ በግንቦት ወር ኤርትራ አገር ሆነች። ጋሼም ከመረጡት አንዱ ነበሩ። በማግሥቱ እንደ ወትሮው ቱታቸውን ለብሰው ጋራዥ ገቡ። ቤታቸውም፣ ሥራቸውም፣ ልጆቻቸውም እዚሁ ስለነበሩ፣ ያ የድምፅ መስጫ ካርድ ከአምስት ዓመት በኋላ ዜግነታቸውን የሚያስለውጥ ማስረጃ ይሆናል ብሎ ያሰበ በግቢው ውስጥ አልነበረም።

የ1990 ክረምት

በ1990 ዓ.ም. ኤርትራ ናቅፋ በተባለው የራሷ ገንዘብ መጠቀም ጀመረች። የሁለቱ መንግሥታት የንግድ ግንኙነት ሻከረ። በግንቦት ወር ባድመ ላይ ጦርነት ተነሣ። በሁለት ዓመት ውስጥ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ወታደሮች አለቁ።

ጦርነቱ ግንባር ላይ ብቻ አልቀረም፤ ወደ ከተሞቹ ግቢዎችም ገባ። ከሰኔ 1990 ጀምሮ የኤርትራ ተወላጆች ከኢትዮጵያ መባረር ጀመሩ። የሰብዓዊ መብት ተሟጋቹ ሂዩማን ራይትስ ዎች ቁጥራቸውን ወደ 75 ሺህ ይገምተዋል። በሌላው በኩልም ቀላል አልነበረም። በዚሁ ድርጅት ግምት ወደ 70 ሺህ የሚጠጉ ኢትዮጵያውያን ከኤርትራ ተባረዋል ወይም መውጣት ግድ ሆኖባቸዋል። ከእነሱ መካከል በአሰብ ወደብ ሲሠሩ የኖሩ ብዙዎች ነበሩ። የኖሩበትን ቤት ትተው ወደማያውቁት «አገራቸው» መጡ።

ጋሼ የሄዱት ነሐሴ ላይ ነው። ሌሊት ሰዎች መጥተው ይዘዋቸው ሄዱ። ስለዚያች ሌሊት እኔ የማስታውሰው የግቢው ውሻ አለመጮኹን ነው፤ ከመጡት ሰዎች አንዱን ያውቀው ነበር። እትዬ ሦስት ልጆቻቸውን ይዘው ባላቸውን የተከተሉት በጥር 1991 ነው። «የኢትዮጵያ ልጅ ነሽ፣ አንቺን ማን ነካሽ፣ እዚሁ ሁኚ» ብላ እማዬ ለመነቻቸው። እትዬ የመለሱት ቃል እስካሁን ቤታችን ውስጥ ይነሣል፤ «ልጆቹ የአባታቸውን ፊት እንዳይረሱ ነው።»

ከመሄዳቸው በፊት ለእማዬ አንድ የብስኩት ቆርቆሮ ሰጧት። በመንገድ ላይ ወረቀት እየተቀማ ነው የሚል ወሬ ነበር። ቆርቆሮው ውስጥ የእትዬ የቀበሌ መታወቂያ፣ የልጆቹ የልደት ማስረጃና የክትባት ካርድ፣ ሁለት የመዋዕለ ሕፃናት ፎቶዎች ነበሩ። እማዬ ከቁም ሣጥኑ ሥር አስገባችው።

አምቼ

አስመራ የደረሰችው ጓደኛዬ የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች። ትግርኛዋ የተሰባበረ ነው። ትምህርት ቤት የወጣላት ስም «አምቼ» ሆነ።

አምቼ አዲስ አበባ ውስጥ የጣሊያን የጭነት መኪናዎችን የሚገጣጥመው ፋብሪካ መጠሪያ ነው። ዕቃው ከውጭ ይመጣል፤ መኪናው የሚሠራው ኢትዮጵያ ውስጥ ነው። አስመራ ውስጥ ከኤርትራውያን ወላጆች ተወልደው ኢትዮጵያ ውስጥ ያደጉ ልጆች በዚሁ ስም ይጠሩ ጀመር። አንዳንዱ በቀልድ ይለዋል፤ አንዳንዱ ለስድብ። ስሙን ራሳቸው ወስደው እንደ ክብር የያዙትም ብዙ ናቸው።

ጓደኛዬ «አዲስ አበባ እያለን ኤርትራውያን ነበርን፣ አስመራ ስንደርስ ኢትዮጵያውያን ሆንን» ትላለች። ቤት ውስጥ ግን ምንም አልተለወጠም። እትዬ አማርኛውን አልተዉም፤ ቡናው ላይ የሚወራው ስለ ወሎና ስለ ግቢያችን ነበር። ጎረቤት ሲመጣ ብቻ ድምፃቸውን ይቀንሳሉ። አዲስ አበባ ውስጥ ጋሼ ከወንድማቸው ጋር በትግርኛ ሲያወሩ ድምፃቸውን መቀነስ የጀመሩት በመጨረሻዎቹ ወራት እንደነበር እማዬ ታስታውሳለች።

የሕጉን መልስ ለማወቅ ፈልጌ ያነበብኩት ነገር አስገርሞኛል። በ1922 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ዜግነት ሕግ ከኢትዮጵያዊ አባት ወይም እናት የተወለደን ሁሉ ኢትዮጵያዊ ይለዋል። ኤርትራ በ1984 ዓ.ም. ያወጣችው የዜግነት አዋጅም ከኤርትራዊ አባት ወይም እናት የተወለደውን ኤርትራዊ ይለዋል። ጓደኛዬ በሁለቱም ሕግ ልጅ ናት። ከጦርነቱ በኋላ የሁለቱን አገሮች የካሣ ጥያቄ የመረመረው ዓለም አቀፍ ኮሚሽን በታኅሣሥ 1997 ዓ.ም. ባሳለፈው ውሳኔ፣ እንደ ጋሼ በድምፅ ምዝገባው የኤርትራን ዜግነት ያገኙ ሰዎች የኢትዮጵያን ዜግነት በዚያ ምክንያት እንዳላጡ፣ በዚያ ወቅት የሁለቱም አገር ዜጎች እንደነበሩ ደምድሟል። ውሳኔው ሲሰጥ ግን ከተባረሩ ስድስት ዓመት አልፏቸዋል። ጋሼ በ2005 ዓ.ም. አስመራ ውስጥ አረፉ። እኛ የሰማነው አንድ ዘመድ ከአሜሪካ ደውሎ ሲነግረን ነው።

ስልኩ የጠራ ዕለት

ለሃያ ዓመት ያህል በሁለቱ ከተሞች መካከል ቀጥታ ስልክም አውሮፕላንም አልነበረም። መርዶና የምሥራች የሚደርሱት በሦስተኛ አገር ዞረው ነው። ዘመድ ከዘመዱ ለመተያየት ናይሮቢ፣ ካምፓላ ወይም ዱባይ ይቀጣጠር ነበር። የእትዬ እናት ወሎ ውስጥ ሲያርፉ ልጃቸው የሰሙት ከስምንት ወር በኋላ ነው።

ሐምሌ 1 ቀን 2010 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ አስመራ ገቡ። በማግሥቱ የሰላም መግለጫ ተፈረመ። የስልክ መስመሩ ተከፈተ። በዚያ ሰሞን የማያውቁትን የአስመራ ቁጥር ዝም ብለው እየመቱ «ማን ልበል?» የሚሉ የአዲስ አበባ ሰዎች፣ ከዚያም ወዲህ እንዲሁ የሚደውሉ አስመሬዎች እንደነበሩ ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። ቤታችን የተደወለው በሦስተኛው ቀን ነው። እማዬ ስልኩን አንሥታ «ሃሎ» ካለች በኋላ ለረጅም ጊዜ አልተናገረችም። ከዚያ ቁጭ አለችና «ሽሮ ስትሠሪ አሁንም ጨው ታበዣለሽ?» ብላ ጠየቀች።

ሐምሌ 11 የመጀመሪያው የመንገደኞች አውሮፕላን ከአዲስ አበባ ወደ አስመራ በረረ። መስከረም 1 ቀን 2011 ዓ.ም. በቡሬና በዛላንበሳ በኩል ድንበሩ ተከፈተ። በጥቅምት ወር እትዬ በአውሮፕላን መጡ። ሦስት ሳምንት ሰነበቱ። አንዱን ሳምንት ወሎ ሄደው፣ ከዓመታት በፊት ላረፉት እናታቸው ድንኳን አስጥለው ለቅሶ ተቀመጡ። ከገጠር የመጣው ዘመድ የትናንት ሐዘን ይመስል አለቀሰላቸው። የቆየ መርዶ እንደ አዲስ የተለቀሰበት ቤት በዚያ ዓመት የእኛ ብቻ አልነበረም።

እማዬ ቆርቆሮውን አወጣችላቸው። እትዬ ከፍተው አዩትና መልሰው ከደኑት። «እዚሁ ይቀመጥ፤ ከእንግዲህ ምን ያደርግልኛል? ሰላም ሆኗል» አሉ።

የየብስ መተላለፊያዎቹ በወራት ውስጥ ተመልሰው ተዘጉ። በነሐሴ 2016 ዓ.ም. በረራውም ቆመ። እትዬ ዛሬ አስመራ ናቸው፤ ከእማዬ ጋር የሚገናኙት ኢንተርኔቱ በፈቀደ ጊዜ ነው።

ካርቱም

እናቷ አዲስ አበባ ሲመጡ ጓደኛዬ አስመራ አልነበረችም። በኤርትራ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች የመጨረሻውን ዓመት የሚማሩት ሳዋ በሚባለው የብሔራዊ አገልግሎት ማሠልጠኛ ነው። አገልግሎቱ በሕግ 18 ወር ቢሆንም በተግባር ለብዙዎች ማብቂያ የለውም። ታላቅ ወንድሟ በዚህ ምክንያት ወጥቶ ስዊድን ገብቷል። እሷም በ2006 ዓ.ም. በእግሯ ወደ ከሰላ ተሻገረች፤ ከዚያ ካርቱም ገባች።

ካርቱም ውስጥ ዴም በሚባለው ሰፈር የሐበሻ ፀጉር ቤት፣ የሐበሻ ምግብ ቤት፣ የሐበሻ ቡና ነበር። ጓደኛዬ ፀጉር ቤት ተቀጠረች። «እዚያ አምቼ የሚለኝ አልነበረም። ለሱዳኖቹ ሁላችንም ሐበሾች ነን። ኢትዮጵያዊ ነሽ ወይስ ኤርትራዊ ብሎ የሚጠይቀኝ ሐበሻ ብቻ ነበር» ትላለች እየሳቀች። እዚያው አገባች፤ ልጇ እዚያው ተወለደች። ከእኔ ጋር በፌስቡክ የተገናኘነውም በካርቱም ዓመታቷ ነው።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ጧት ካርቱም ውስጥ የሱዳን ጦርና ፈጥኖ ደራሹ ኃይል መዋጋት ጀመሩ። ጦርነቱ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰዎችን ከቤታቸው አፈናቅሏል። ጓደኛዬ ባሏን ያጣችው በሁለተኛው ሳምንት ነው። ውኃ ሊቀዳ ወጥቶ አልተመለሰም። ስለዚህ ከዚህ በላይ እንድጽፍ አልፈቀደችልኝም።

ልጇን ይዛ በገዳሪፍ በኩል መተማ ደረሰች። ድንበሩ ላይ የመዘገባት ወጣት «የት ተወለድሽ?» ሲላት «አዲስ አበባ» አለች። ልጁ የቀለደችበት መስሎት ጥያቄውን ደገመላት።

ሞያሌን ስናስብ

እንዲህ ያለ ነገር የደረሰው በእነሱ ቤት ብቻ ይመስለኝ ነበር። ካርታውን ስናይ ግን አካባቢያችን ሁሉ እንዲህ ነው። አፋሮች በኢትዮጵያ፣ በኤርትራና በጅቡቲ ይኖራሉ። ሶማሌዎች በሶማሊያ፣ በኢትዮጵያ፣ በጅቡቲና በኬንያ አሉ፤ የሶማሊያ ባንዲራ ላይ ያለው ኮከብ አምስት ጫፍ ያለው ሶማሌዎች የሚኖሩባቸውን አምስት ግዛቶች እንዲወክል ነው። ኑዌርና አኝዋክ በጋምቤላም በደቡብ ሱዳንም ናቸው። ቦረና ኢትዮጵያም ኬንያም ነው። ከኤርትራ፣ ከሱዳንና ከኬንያ ጋር ያሉን ድንበሮች በአብዛኛው በወረቀት ላይ የሰፈሩት በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ፣ ከጣሊያንና ከእንግሊዝ ጋር በተደረጉ ውሎች ነው። ሰዎቹ ከዚያ በፊትም እዚያው ነበሩ። ድንበሩ ነው የመጣባቸው።

ድንበር ሁልጊዜ ግድግዳ አይሆንም። ሞያሌን ያየ ያውቃል። አንድ ስም ያላት ከተማ ግማሿ ኢትዮጵያ፣ ግማሿ ኬንያ ነው። የሁለቱ አገር ዜጎች ያለ ቪዛ ይሻገራሉ። በ2013 ዓ.ም. ደግሞ የሁለቱም አገር ሠራተኞች አብረው የሚያገለግሉበት የጋራ የድንበር ጣቢያ ተመርቋል። ችግር የለም ማለት አይደለም፤ ነገር ግን እናቱን ለመቅበር ስምንት ወር የሚጠብቅ ሰው አይኖርም።

ኢጋድ የተባለው የምሥራቅ አፍሪካ አገሮች ድርጅት ሰዎች በአባል አገሮች መካከል በነፃነት እንዲንቀሳቀሱ የሚፈቅድ ሰነድ አዘጋጅቷል። የአባል አገሮቹ ሚኒስትሮች ሰነዱን የተቀበሉት በየካቲት 2012 ዓ.ም. ካርቱም ውስጥ ነው። ሦስት ዓመት አልፎ ብዙም ሳይቆይ የዚያችው ከተማ ነዋሪዎች በሰባቱም አቅጣጫ ይሸሹ ጀመር። ስምምነት በወረቀት ላይ መኖሩ አንድ ነገር ነው፤ ሰላም መኖሩ ሌላ።

ሁለት በሮች

ኢትዮጵያ ዛሬ አንድ ሚሊዮን ያህል ስደተኞችን አስጠልላለች፤ አብዛኞቹ ከደቡብ ሱዳን፣ ከሶማሊያ፣ ከኤርትራና ከሱዳን የመጡ ናቸው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110 ስደተኞች እንዲማሩ፣ በሕጉ መሠረት እንዲሠሩ፣ የልጆቻቸውን ልደት እንዲያስመዘግቡ ይፈቅዳል። ጓደኛዬ አሁን አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ክፍል ቤት ትኖራለች፤ ሰዎች ቤታቸው እየጠሯት ሹሩባ ትሠራለች። ልጇ የመንግሥት ትምህርት ቤት ገብታለች። ወረቀቷ የሚታደስበት ቀን ሲደርስ ግን ለሁለት ሳምንት ያህል እንቅልፍ የላትም።

ከፊቷ ሁለት በሮች አሉ። አንደኛው በስደተኛነቷ ጸንታ ወንድሟ ወዳለበት ስዊድን ወይም ወደ ሌላ ሦስተኛ አገር የምትሄድበትን ዕድል መጠበቅ ነው። ሁለተኛው «እናቴ ኢትዮጵያዊት ናት፤ የተወለድኩት እዚሁ ነው» ብላ ዜግነት መጠየቅ ነው። የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 ከወላጆቹ አንዱ ኢትዮጵያዊ የሆነውን ሰው ኢትዮጵያዊ ይለዋል። ሌላ ዜግነት አግኝቶ የነበረ ሰውም ኢትዮጵያ ተመልሶ ከኖረና የሌላውን አገር ዜግነት ከተወ፣ አመልክቶ እንዲመለስ ይፈቅዳል። ጥምር ዜግነት ግን የለም።

ችግሩ ሁለቱ በሮች አንድ ላይ አለመከፈታቸው ነው። ኢትዮጵያዊት ከሆነች በኢትዮጵያ ስደተኛ አይደለችም፤ የስዊድኑ ተስፋ ያበቃል። ኤርትራዊነቷን ከተወች ደግሞ እናቷ ቢታመሙ አስመራ የምትገባው እንደ ውጭ ሰው ነው። ስደተኛ ሆና ከጠበቀች መቼ እንደሚሳካ አታውቅም፤ ልጇ እስከዚያ «እንግዳ» ሆና ታድጋለች።

ባለፈው ዓመት ወሰነች። እማዬ ቆርቆሮውን ከቁም ሣጥኑ ሥር አወጣች። የእትዬ የቀበሌ መታወቂያ ፎቶው ቢደበዝዝም ስሙና የትውልድ ቦታው ይነበባል። የልደት ማስረጃው ጠርዙ ተበልቷል፤ ማኅተሙ ግን አለ። አንድ መሥሪያ ቤት «ይህ ያረጀ ነው» ብሎ መለሳት። ሌላ ቀን ሌላ ሠራተኛ ተቀበላት፤ ወረቀቱን ደጋግሞ ካየ በኋላ «እንዴት አቆያችሁት?» ብሎ ጠየቃት። «ጎረቤት አቆየልን» አለችው። ማመልከቻው ገብቷል። መልሱ ገና ነው።

በየቤታችን ልናደርገው የምንችለው

የአገሮችን ፖለቲካ እኛ ወላጆች አንፈታውም። በቤታችን የሚሆነው ግን በእጃችን ነው። ከዚህ ቤተሰብ የተማርኩትን ላካፍላችሁ።

ወረቀት ጠብቁ። የልጅን ልደት በ90 ቀን ውስጥ ማስመዝገብ በሕግ የተደነገገ ግዴታ ነው፤ ብዙዎቻችን ግን ትምህርት ቤት ወይም ፓስፖርት እስኪጠይቀን እናቆየዋለን። የራሳችሁንም፣ የወላጆቻችሁንም ሰነድ ቅጂ አድርጋችሁ ከዋናው በተለየ ቦታ አስቀምጡ። ሠራተኛችሁ ልጅ ካላት የእሷም ልጅ መመዝገቡን ጠይቁ።

ልጆች ስለ ሰፈሩ ሰው የሚሰሙትን ተጠንቀቁ። እኛ ቡና ላይ ስለ አንድ ሕዝብ በጅምላ የምንናገረው ነገር በማግሥቱ ክፍል ውስጥ ይደገማል። የጓደኛዬ ልጅ «ስደተኛ» የሚለውን ቃል እንደ ስድብ የሰማችው ከስምንት ዓመት ሕፃን ነው። ያ ሕፃን ቃሉን ራሱ አልፈጠረውም።

አረጋውያንን ጠይቁ። አያት ከየት መጡ? ምን ቋንቋ ይናገሩ ነበር? በየት አገር ሠሩ? በስልካችሁ ቅረጹት። ብዙ የአዲስ አበባ ቤተሰብ ሦስት ትውልድ ወደ ኋላ ቢሄድ ሌላ ክፍለ ሀገር፣ አንዳንዴም ሌላ አገር ያገኛል።

ጎረቤታችሁን እወቁ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ስንል ለችግር ቀን የሚደርስልንን እያሰብን ነው። እኛም ለሌላው እንዲያ መሆን እንደምንችል እንዳንረሳ።

ወረቀቱ

ያን ዓርብ ከኩሽና ስመለስ ልጅቷ አሁንም እርሳሷን ነክሳ ነበር። መልስ የሰጣት ሰው እማዬ ናት። «አንድ ብቻ ጻፊ ያለሽ ማን ነው?» አለቻት። ልጅቷ መምህሯ የሌለችበት ቤት መሆኑን አስታውሳ ይመስለኛል፣ ጎንበስ ብላ መጻፍ ጀመረች። «የአያቴ ወሎና አስመራ። የእናቴ አዲስ አበባ። የእኔ ካርቱም እና አዲስ አበባ።» መስመሩ አልበቃ ብሏት በወረቀቱ ጠርዝ ላይ ወደ ላይ አዞረችው።

ልጄ የራሷን ወረቀት አየች፤ አንድ ቃል ብቻ ነው ያለው። «የእኔ ለምን አንድ ብቻ ሆነ?» ብላ አኮረፈች። እማዬ ጠራቻትና ስለ ሐረሩ ቅድመ አያቷ፣ ጅቡቲ ድረስ በባቡር ስለነገዱት ሰውዬ ነገረቻት። እኔም እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር።

ሰኞ ሁለቱም ወረቀታቸውን ይዘው ሄዱ። ቆርቆሮው አሁን ጓደኛዬ ቤት ነው። የልጇን የክትባት ካርድ ጨምራበታለች።